ክኒኑን አትጣሉት፦ ስለ ፒሲኤስኬ9 ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ያለ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፤ ጉዳዬ ከጻፉት ጋር ነው። ርእሱ ኮሌስትሮል ነው። ጉበታችን የሚያመርተው ፒሲኤስኬ9 የሚባል ፕሮቲን ምን እንደሚሠራ ይተርካል። ከዚያ ተነስቶ የኮሌስትሮል ክኒን ከንቱ ነው ብሎ ይደመድማል።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በአማርኛ ለመጻፍ መሞከራቸውን አደንቃለሁ። ብዙ ሰው አይደፍረውም። እኔ ግን ደሴ ውስጥ ላብራቶሪ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። የኤልዲኤል («መጥፎ ኮሌስትሮል» የሚባለው) ውጤት ጽፎ መስጠት የዕለት ሥራዬ ነው። ጽሑፉ ከተሰራጨ ወዲህ ውጤት ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች «እንግዲያው ክኒኑን ልተወው እንዴ?» ይሉኝ ጀምረዋል። ነገሩ ከክርክር አልፎ ሰው ጤና ላይ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ልመልስ።

የጽሑፉ መከራከሪያ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሴል ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ኢንዶሶም የሚባል «ቆሻሻ መጣያ» ውስጥ ይፈጫል። ፒሲኤስኬ9 ኮሌስትሮል ከደም የሚያነሳውን ሪሴፕተር (ሴል ላይ የተተከለ ያዥ ፕሮቲን) የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች ይህንን ፕሮቲን ስለሚያበዙት የገነቡትን መልሰው ያፈርሳሉ። ፕሮቲኑን ማገድም አደገኛ ነው፤ ፈጣሪ ያለ ምክንያት አላስቀመጠውም። ደግሞም ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ የጦሳን ተራራ ወጥቶ የሚወርድ ሰው ኮሌስትሮል አያሰጋውም። ፕሮቲኑን የሚያግደው አዲሱ መድኃኒትም ለእኛ ኪስ አይሆንም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይበቃናል።

አብሽሩ፣ የኬሚስትሪ ፈተና አላወጣም። ግን ከኢንዶሶሙ መጀመር ግድ ነው። የቀረው ስህተት በሙሉ የተወለደው እዚያ ነው።

ኤልዲኤል ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ ይዞ የሚዞር ድቡልቡል ቅንጣት ነው። የጉበት ሴል ሽፋን ላይ እሱን የሚይዝ ሪሴፕተር አለ። ሪሴፕተሩ ኤልዲኤሉን ሲይዝ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና ተቆርጦ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ከኢንዶሶም ጋር ይቀላቀላል። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን ኢንዶሶምንና ላይሶሶምን አንድ አድርገዋቸዋል። የሚፈጨው ላይሶሶም ነው። ክሪስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ስም ያወጡለት፣ በኋላም በ1974 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ክፍል ማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢንዶሶም ሥራው ሌላ ነው። የገባውን ይለያል፤ ይደለድላል። ይሄ ወደ ላይሶሶም፣ ያ ወደ ሽፋኑ ተመላሽ፣ ሌላው ወደ ጎልጂ (ሴሉ ፕሮቲኖችን አሽጎ የሚልክበት ክፍል) ይላል።

ለዚህ አንድ ቁጥር ይበቃል። የኤልዲኤል ሪሴፕተር በየ10 ደቂቃው ገደማ ገብቶ ይወጣል። ዕድሜው ደግሞ ወደ 20 ሰዓት ነው። አንዱ ሪሴፕተር ከ100 ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው። ኢንዶሶም ቆሻሻ መጣያ ቢሆን ኖሮ ጉበት ለእያንዳንዱ የኤልዲኤል ቅንጣት አዲስ ሪሴፕተር መሥራት ነበረበት። ይህንን የደረሱበት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። በ1985 ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ ሥራ ነው።

ታዲያ ሪሴፕተሩና ኤልዲኤሉ አብረው ገብተው እንዴት ይለያያሉ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነው።

የደማችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) 7.4 ገደማ ነው። ኢንዶሶም ውስጥ ግን ወደ 6 ይወርዳል፤ ይኮመጥጣል። ሪሴፕተሩ አሲድ ሲነካው በራሱ ላይ ይታጠፋል። አንዱ ክፍሉ ኤልዲኤል ይዞበት የነበረውን ቦታ ራሱ ሄዶ ይይዘዋል። ኤልዲኤሉም ቦታ ያጣና ይለቃል። በ2002 የታተመው የሪሴፕተሩ ቅርጽ ይህንን መታጠፍ በግልጽ አሳይቷል። ቀጥሎ የኢንዶሶሙ ቅርጽ ራሱ ሥራ ይሠራል። መሐሉ ክብ ነው፤ ከጎኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። ቀጭን ቱቦ ሽፋኑ ብዙ፣ የሚይዘው ፈሳሽ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የተተከለው ሪሴፕተር በቱቦው በኩል የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። የተለቀቀው ኤልዲኤል ደግሞ ክቡ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር ይቀራል። ክቡ ክፍል ወደ ላይሶሶም ያመራል፣ ኮሌስትሮሉም ወጥቶ ሥራ ላይ ይውላል። ቱቦው ተቆርጦ ሪሴፕተሩን ወደ ሽፋኑ ይመልሳል።

ቅርጽ ብቻውን አይበቃም። ተመላሹን የሚያውቁ ፕሮቲኖች አሉ። ኤስኤንኤክስ17 የሚባለው የሪሴፕተሩን ጭራ ይይዛል። ሌሎች ስብስቦችም አብረውት ይሠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሲሲዲሲ22 የተባለው ፕሮቲን የተበላሸባቸው ሰዎች የደም ኮሌስትሮላቸው ከፍ እንደሚል በ2016 ታትሟል። አስተውሉ። ሪሴፕተር ማምረት አልተበላሸባቸውም። የተበላሸው የመልስ ጉዞው ነው። ከኢንዶሶም ወደ ጎልጂ የሚመልሰውን ሬትሮመር የሚባል ስብስብም ልጨምር። በ1998 እርሾ ውስጥ ተገኘ። በ2011 ደግሞ ከክፍሎቹ አንዱ፣ ቪፒኤስ35፣ ሲበላሽ በዘር የሚተላለፍ የፓርኪንሰን በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። የድልደላ ስህተት አንጎል ድረስ የሚያደርስ ጣጣ አለው። ቆሻሻ መጣያ ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቁለት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። «ፒሲኤስኬ9 ሪሴፕተሩን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ነው።»

ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። ፕሮቲኑ የተወለደበት ቤተሰብ በእርግጥም ቆራጭ ነው። ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ፕሮቲኖችን እየቆረጡ ሥራ ያስጀምራሉ። እሱ ግን የሚቆርጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱን። እዚያው በተመረተበት ሴል ውስጥ አንዴ ራሱን ይቆርጣል። የተቆረጠው ቁራጭ አይሄድም። ተመልሶ መቁረጫው ቦታ ላይ ይሰካና ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ፒሲኤስኬ9 ጥርሱ የተዘጋ ፕሮቲን ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። በ2007 ተመራማሪዎች መቁረጥ ጭራሽ የማይችል ፒሲኤስኬ9 ሠርተው ሴሎች ላይ ጨመሩት። ሪሴፕተሮቹ እንደወትሮው ቀነሱ። የመቁረጥ ወሬ እዚያ ላይ አበቃ።

እና ምን ያደርጋል? ይይዛል። ደም ውስጥ እያለ ሪሴፕተሩን ከውጭ ይይዘዋል፤ አብሮት ወደ ሴሉ ይገባል። ብልሃቱ ያለው ውስጥ ነው። ኤልዲኤል አሲድ ሲያገኝ ይለቃል ብለን የለ? ፒሲኤስኬ9 ተቃራኒው ነው። አሲድ ሲያገኝ መያዙ በብዙ እጥፍ ይጠብቃል። የተያዘው ሪሴፕተር መታጠፍ ያቅተዋል። ካልታጠፈ ደግሞ ተመላሾቹ ጋር አይሰለፍም።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሚኒባስ አስቡ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ሰው ያራግፋል፣ በሩን ዘግቶ ወደ ደሴ ይመለሳል። ፒሲኤስኬ9 መኪናውን የሚሰባብር ወሮበላ አይደለም። «ወራጅ» የማይል፣ በሩን ይዞ አላስዘጋ ያለ ተሳፋሪ ነው። በሩ ያልተዘጋ መኪና የመልስ ተራ አይሰጠውም። ከነተሳፋሪው ወደ ቆራሌ ግቢ ይነዳል። ቆራሌው ግቢ ላይሶሶም ነው። መጨረሻ ላይ ሪሴፕተሩም ፒሲኤስኬ9ም አብረው ይፈጫሉ።

ለዚህ ማስረጃው አንድ አይደለም። በተፈጥሮ የሚገኝ ዲ374ዋይ የሚባል ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) አለ። ፕሮቲኑ ሪሴፕተሩን ከተለመደው ከ10 እጥፍ በላይ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ይህ ያለባቸው ሰዎች በጣም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል አላቸው፤ ልባቸው ቀድሞ ይታመማል። በሌላ በኩል የፕሮቲኑን የመጨረሻ ክፍል ቆርጠው የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። እንዲህ የተቆረጠው ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ሪሴፕተሩን ይይዛል፤ ወደ ጥፋት ግን አይወስደውም። ስለዚህ መያዙ ብቻም አይደለም፤ አያያዙም ወሳኝ ነው።

«ይቆርጥ ይያዝ፣ ያው ሪሴፕተሩ ጠፋ አይደል? ምን ለውጥ አለው?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ትልቅ ለውጥ አለው። ቆራጭ ቢሆን መድኃኒቱ መቁረጫውን የሚዘጋ ነገር መሆን ነበረበት። ያዥ ስለሆነ ግን የሚይዝበትን ፊት ደም ውስጥ እያለ መሸፈን ይበቃል። በ2015 የተፈቀዱት አሊሮኩማብና ኢቮሎኩማብ የሚባሉት መርፌዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሁለቱም አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚጣበቅበት ፕሮቲን) ናቸው። ኢንዶሶም ውስጥ ገብተው መታገል አያስፈልጋቸውም። ፒሲኤስኬ9 ሪሴፕተሩን ሳይነካ በፊት ይቀድሙታል። ጸሐፊው እነዚህን መድኃኒቶች «የኢንዛይም መርዝ» ብለዋቸዋል። መጀመሪያውኑ ኢንዛይሙ ተዘግቷል፤ ማንን ይመርዛሉ? ከእነሱ በኋላ የመጣው ኢንክሊሲራን ደግሞ ጉበት ፕሮቲኑን እንዳያመርት ያደርጋል። ከመነሻ መርፌዎቹ በኋላ በየ6 ወሩ ይሰጣል።

ስለ ስታቲን የተጻፈው ይበልጥ አሳስቦኛል። ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያሳምናል።

ስታቲን ጉበት የራሱን ኮሌስትሮል እንዳያመርት ይይዘዋል። ነገሩ የተጀመረው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ባገኙት ንጥረ ነገር ነው። ኮሌስትሮል ሲያጥረው ጉበት ኤስአርኢቢፒ-2 የሚባለውን ማብሪያ ያበራል። ማብሪያው ሁለት ጂኖችን አብሮ ያነሳል። አንዱ የኤልዲኤል ሪሴፕተር ነው። ሌላው ፒሲኤስኬ9 ነው። ጸሐፊው ሁለተኛውን አይተው የመጀመሪያውን አለፉት። በእርግጥ ፒሲኤስኬ9 መጨመሩ ከስታቲን ጥቅም ትንሽ ይሸርፋል። የክኒኑ መጠን በእጥፍ ሲያድግ ኤልዲኤል የሚወርደው ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ለምን እንደሆነ ከሚያብራሩት አንዱ ይሄ ነው። የሁለቱ ድምር ግን ወዴት ያደላል? ወደ ሪሴፕተሩ። ከፍ ባለ መጠን የሚወሰድ አቶርቫስታቲን ኤልዲኤልን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይሄ ክኒን ራሱን አፈረሰ የሚባል ውጤት አይደለም።

ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። በስታቲን ላይ የተደረጉ ትልልቅ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር በቀነሰ ቁጥር ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ የስትሮክና የመሳሰሉት ከባድ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሰዋል። ጡንቻ የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ አልክድም። ያመመው ሰው ሐኪሙን ያነጋግር፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። ስልክ ላይ ባነበበው ጽሑፍ ተነስቶ ክኒኑን ከሽንት ቤት አይጣል። (ጣልኩት ያለኝ ሰው ስላለ ነው።)

«ፈጣሪ ያለ ምክንያት አላስቀመጠውም፤ ፕሮቲኑን ማገድ አደገኛ ነው» ለሚለው ደግሞ መልሱን የሰጡት ራሳቸው ያለ ፕሮቲኑ የተወለዱ ሰዎች ናቸው። የፒሲኤስኬ9 ታሪክ በ2003 የጀመረው ከፈረንሳይ ቤተሰቦች ነው። እነሱ ፕሮቲኑ ከልክ በላይ የሚሠራባቸው፣ ኮሌስትሮላቸውም በጣም የበዛ ነበሩ። ቀጥሎ የዳላሶቹ ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ጥያቄውን ገለበጡት። ኮሌስትሮላቸው በጣም ዝቅ ያለ ሰዎችስ? ከእነሱ መካከል አንዱን የጂን ቅጂ የሚያሰናክል ሚውቴሽን ያለባቸው ተገኙ። በ2006 ያሳተሙት ጥናት ሰዎችን 15 ዓመት የተከተለ ነበር። ከጥቁር አሜሪካውያን ተሳታፊዎች 2.6 በመቶዎቹ ይህ ሚውቴሽን ነበራቸው። ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ያነሰ ነው። የልብ ደም ሥር በሽታ ዕድላቸው ግን በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መጠነኛ ቅናሽ ነው፤ ግን ከልደት ጀምሮ የዘለቀ ነው።

ሁለቱም ቅጂዎች የተሰናከሉባት ሴትም ተገኘች። ኤልዲኤሏ 14 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። እኔ ማሽኑ ላይ 14 ባነብ ናሙናውን ድጋሚ ነበር የማስገባው። ሴትዮዋ ግን ጤነኛ ነበረች። ዚምባብዌ ውስጥም እንዲሁ 15 ገደማ ያላት ሴት ተገኝታለች።

ይህ ሲባል ፕሮቲኑ ምንም ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። የዘር ጥናቶች ፒሲኤስኬ9 ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ ዕድል ጥቂት ከፍ ሊል እንደሚችል ጠቁመዋል። ጸሐፊው ይህንን ቢያነሱ ኖሮ ቁም ነገር ይሆን ነበር። በ2017 የወጣው የኢቮሎኩማብ ሙከራ ግን 27,564 ሰዎችን ከ2 ዓመት በላይ ተከታትሎ የስኳር በሽታ ሲጨምር አላየም። ኤልዲኤል በ59 በመቶ ወርዷል፤ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ15 በመቶ ቀንሰዋል። ረጅሙን ጊዜ መከታተል ተገቢ ነው። «አደገኛ ነው» ብሎ መደምደም ግን ሌላ ነው።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚለው ከላይ ካለው በኋላ ብዙ መልስ አይፈልግም። የፕሮቲኑን መታገድ ደኅንነት ለዓለም ያሳዩት በዋናነት አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ጦሳን ስለ መውጣት፦ ውጡ፤ ለልብ ጥሩ ነው። ነገር ግን በዘር የሚመጣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል የሚባል ነገር አለ። በዓለም ላይ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። የሪሴፕተሩ ጂን የተበላሸበት ሰው ተራራ ወጥቶ ሪሴፕተር አያበቅልም። ቀጭን ሆኖ፣ ጾሙን ጾሞ፣ ሥጋ ሳያበዛ ኤልዲኤሉ 200 አልፎ የማየው ሰው አለ። በስብና በስንፍና የመጣ ነው ብሎ የሚያሳፍረው ጎረቤትም አለ። ያሳዝነኛል።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ብሉ። ፒሲኤስኬ9ን ያጥባሉ ለሚለው ጽሑፉ አንድም ማስረጃ አላመጣም፤ ስለዚህ እኔም የምመልሰው የለኝም።

የቀረው ዋጋው ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። መርፌዎቹ ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ ዋጋቸው በዓመት ወደ 14 ሺህ ዶላር ነበር። በኋላ ወደ 6 ሺህ ገደማ ወረደ። ያም ቢሆን ለእኛ ሰው የማይታሰብ ነው። የማልስማማው «ስለዚህ ዕውቀቱም አይጠቅመንም» ባሉት ነው። ስታቲን ርካሽ ነው፤ የሚሠራውም ሪሴፕተሩን ሽፋኑ ላይ በማብዛት ነው። የኤልዲኤል ምርመራም ደሴ ላይ ይሠራል። አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት በፊት፣ እናቱ ወይም እህቱ ከ60 በፊት በልብ በሽታ የታመሙበት ሰው ይመርመር። ውጤቱ ከ190 በላይ ከሆነ ልጆቹንም ይዞ ሐኪም ጋ ይሂድ። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ከልጆቹ ግማሾቹ ጂኑን ሊወርሱት ይችላሉ።

ጸሐፊው ምላሽ ቢጽፉ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። ስታቲን የጀመረ ሰው ፒሲኤስኬ9 ስለጨመረበት ኤልዲኤሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ የሚል ጥናት ካላቸው ያምጡትና አብረን እናንብበው። እስከዚያው ግን «ክኒኑን ተዉት» የሚለውን አንቀጽ ከጽሑፉ ላይ ያውጡት።